ፑል ቤቱን ከመዝጋታችን በፊት ስለ ብሬክ እናውራ

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው ይዤ የመጣሁት። ጊዜ ያለው አሁን ያንብበው፤ የሌለው ሴቭ አድርጎ ማታ ይመለስበት።

ባለፈው ሳምንት በእረፍት ሰዓት መምህራን ማረፊያ ክፍል ተቀምጠን የተለመደው ወሬ ተነሳ። አንዱ ባልደረባዬ "የዘንድሮ ተማሪ አለቀለት፤ ግማሹ ፑል ቤት ነው የሚውለው" አለ። ሌላው ቀበል አድርጎ "ጠራርጎ መዝጋት ነው እንጂ ሌላ መድኃኒት የለውም" አለ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። እኔም ነቀነቅሁ። ግን ምን ልበላችሁ፣ አፍሬ ነበር። ከዚያ በፊት ባለው ሌሊት እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ ብርድ ልብስ ተከናንቤ በስልኬ የፑል ውድድር ሳይ ነበር ያመሸሁት። የእንጅባራን ብርድ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፣ ያለ ብርድ ልብስ ስልክ መያዝ እንኳን አይቻልም።

እና ዛሬ ያልተናገርኩትን ልናገር። ፑል እወዳለሁ። መምህር ነኝ፣ ሠላሳዎቹ ውስጥ ነኝ፣ በዲፕሎማ ተመርቄ ፊዚክስ አስተምራለሁ፣ ፑልም እጫወታለሁ። ጎበዝ አይደለሁም። ስለ ብሬክ ግን ብዙ አስቤያለሁ፤ ስለ ብሬክ ሳስብ ደግሞ መጨረሻ ላይ የማስበው ስለ ተማሪዎቼ ሆኖ አገኘዋለሁ።

ፑል ለማታውቁ ባጭሩ ልንገራችሁ። ኳሶቹ ተጠጋግተው ይደረደራሉ። የመጀመሪያው ተጫዋች በነጯ ኳስ መትቶ ይበትናቸዋል። ያ የመጀመሪያ ምት ነው ብሬክ የሚባለው። እኛ ሰፈር ብሬክ ማለት ጉልበት ማለት ነው። ልጁ ጃኬቱን ያወልቃል፣ ወደ ኋላ ይንደረደራል፣ ባለ በሌለ ኃይሉ ይመታል። ድምፁ ከውጭ አስፋልቱ ድረስ ይሰማል። ነጯ ኳስ ዘላ ግድግዳ ከመታች ደግሞ ጭብጨባ አለ። ኳስ ቀዳዳ ገባ አልገባ "ዕድል ነው" ይባላል።

አሁን አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ከዚህ በፊት ካስተማርኩባቸው ከተሞች በአንዱ፣ ስሟ ይቅር፣ አንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነበረኝ። ክፍል ውስጥ ከኋላ ወንበር ጥግ ላይ ነው የሚቀመጠው። እጁን አውጥቶ አያውቅም። ከሰዓት በኋላ ብዙ ጊዜ አይገኝም። አንድ ቀን ነፃ ፔሬድ ነበረኝና ልፈልገው ሄድኩ። የት እንደምፈልገው አላጣሁትም።

ስገባ ብሬክ ሊመታ ተጎንብሷል። ልቆጣው አፌን ከፍቼ ነበር፣ ግን እውነቱን ለመናገር ምቱን ማየት ፈለግሁና ዝም አልኩ። መታ። ነጯ ከጠረጴዛው ዘላ ወጥታ በር ላይ የቆመ ልጅ እግር ስር ወደቀች። ጓደኞቹ ሳቁ፤ ቀና ሲል አየኝ። ቀይ ሆነ። "ቲቸር፣ ዛሬ ዕድሌ አይደለም" አለኝ። እኔም ሳላስበው "ዕድል አይደለም፤ የመጀመሪያዋን ኳስ መሀሏን አላገኘሃትም፣ ከጎን ነው የነካሃት" አልኩት። ፑል ቤቱ ፀጥ አለ። መምህር ያንን ያውቃል ብሎ የጠበቀ አልነበረም።

ይዤው ወጣሁ። በማግስቱ ክፍል ውስጥ ስለ ሞመንተም ነበር የምናየው። መጽሐፉ ላይ ያለውን የሁለት መኪና ግጭት ትቼ ሰሌዳው ላይ የፑል ጠረጴዛ ሳልኩ። እኩል ክብደት ያላቸው ሁለት ኳሶች ፊት ለፊት ቢጋጩ መጪዋ ኳስ ቆማ የተመታችው እንደምትሄድ፣ ከጎን ከነካቻት ግን መጪዋም ኃይሏን ይዛ እንደምትበር አሳየኋቸው። የሁለት ዓመት ዝምታ ሰበረና ያ ልጅ እጁን አወጣ። "ቲቸር፣ ታዲያ ከተደረደሩት ኳሶች መሀል ክፍተት ካለስ?" አለኝ። በአስተማሪነት ዘመኔ ከተጠየቅኋቸው ጥያቄዎች ሁሉ ጥሩው እሱ ይመስለኛል። ለምን እንደሆነ ወደ ታች እመለስበታለሁ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ዘመቻ ተደረገ። ፑል ቤቱ ታሸገ፣ ጠረጴዛው መኪና ላይ ተጫነ። እኔም ጥሩ ተደረገ ብያለሁ፣ አልዋሽም። ልጆቹ ግን ወደ ክፍል አልመጡም። ከከተማው ወጣ ብሎ በር ዘግተው የሚያጫውቱበት ቤት ነበር፣ እዚያ ሄዱ። እዚያ ደግሞ ከፑሉ ጋር ጫትና ቁማር ነበረ። ያ ተማሪዬ 11ኛን አልጨረሰም። ፑል ቤት ስለተዘጋ ነው አልልም፤ ቤቱ ውስጥ ብዙ ችግር ነበረበት። ለመጨረሻ ጊዜ ሳየው አዲስ ቅዳም መንገድ ላይ አይሱዙ ላይ ከሰል ሲጭን ነው። "ቲቸር!" ብሎ ጮኾ ሰላም አለኝ። እኔ ግን እስካሁን አንድ ጥያቄ ይከነክነኛል፤ ፑል ቤቱን ዘግተን በምትኩ ምን ሰጠነው?

እስቲ ደግሞ ይህ ጨዋታ በሙያ ደረጃ ሲሆን ምን እንደሚመስል እንይ። በዓለም የፑል ሻምፒዮና የሚጫወቱት ባለ ዘጠኝ ኳሱን ነው። ከ1 እስከ 9 ያሉት ኳሶች በአልማዝ ቅርጽ ይደረደራሉ፣ 1 ቁጥር ከፊት፣ 9 ቁጥር ከመሀል። ሁልጊዜ ጠረጴዛው ላይ ያለችውን ትንሿን ቁጥር አስቀድሞ መንካት ግድ ነው። 9 ቁጥርን በሕጉ መሠረት ያስገባ ያንን ዙር ያሸንፋል። ጎበዝ ተጫዋች ብሬክ መትቶ አንድ ኳስ ካስገባና ነጯ ጥሩ ቦታ ከቆመችለት ተጋጣሚው ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ሁሉንም ጠርጎ ሊጨርስ ይችላል። ስለዚህ በዚያ ደረጃ ብሬክ የጨዋታው ግማሽ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ታዲያ እነዚያ ሰዎች ብሬካቸው ምን ይመስላል? ሼን ቫን ቦኒንግ የሚባል አሜሪካዊ አለ። እ.ኤ.አ. በ1983 የተወለደ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ የመስማት ችግር ያለበት፣ የመስሚያ መሣሪያ አድርጎ የሚጫወት ሰው ነው። የዩኤስ ኦፕንን ዋንጫ አምስት ጊዜ ወስዷል፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ እንግሊዝ ሚልተን ኪንስ ላይ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። በብሬኩ ነው የሚታወቀው። ምቱ ኃይለኛ ነው፣ ግን ነጯን ተመልከቱ። 1 ቁጥርን መታ ታደርጋትና ጠረጴዛው መሀል ላይ ትቆማለች። ግድግዳ የሚመታ ነገር የለም። ያንን ለማግኘት ብሬክን ብቻውን ለሰዓታት ይለማመዳል።

ሌላው ደግሞ ኮሪ ዱዌል ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የዩኤስ ኦፕን ፍጻሜ ላይ ሚካ ኢሞነንን 11 ለ 0 አሸነፈው። በምን? በለስላሳ ብሬክ። ሁሉም ሰው ባለ በሌለ ኃይሉ ሲመታ እሱ ቀስ ብሎ እየመታ፣ የዳሯ ኳስ ወደ ማዕዘን ቀዳዳ እንድትገባ፣ ሌሎቹም ብዙ ሳይበታተኑ የት እንደሚቆሙ አስቀድሞ እያወቀ አደረገው። ጉልበቱን ሳይሆን ኳሶቹ እንዴት እንደሚሄዱ ማጥናቱን ነው የተጠቀመበት።

ፊዚክሱም ይህንኑ ይላል። አንድ የፑል ኳስ ከ170 ግራም አይበልጥም። በሴኮንድ 10 ሜትር ብትመታ፣ ማለትም በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር፣ የምትይዘው ኢነርጂ 8 ጁል ተኩል ገደማ ነው። ፍጥነቱን በግማሽ ብትቀንሰው ኢነርጂው ወደ ሩብ ይወርዳል። ፍጥነት ሲጨምር ኢነርጂው በካሬ እንደሚጨምር ተማሪዎቼ በቃል ይሉታል። ነገር ግን ያ ሁሉ ኢነርጂ ወደ የት ሄደ የሚለው ነው ጥያቄው። መሀሉን ካላገኘህ ጉልበትህ በነጯ ኳስ ላይ ቀርቶ እሷን ያበራታል እንጂ የተደረደሩትን አይበትንልህም። ጠንክሮ የመታ ሁሉ ሠራ ማለት አይደለም።

በነገራችን ላይ ጠመኔውም እንዲሁ ነው። የእኛ ልጆች አንዳንዴ የክፍል ጠመኔ ሰርቀው የስቲኩን ጫፍ ይቀቡበታል። (ሰኞ ሰኞ ጠመኔ ለምን እንደሚጠፋ ርዕሰ መምህሩ ሲጠይቅ ዝም የምለው ለዚህ ነው።) የሰሌዳ ጠመኔ ግን ያንሸራትታል እንጂ አይዝም። ያ ሰማያዊ የፑል ጠመኔ ስሙ ነው እንጂ ጠመኔ አይደለም፤ ሻካራ የአሸዋ ዓይነት ማዕድን ነው ያለበት፣ የስቲኩን ጫፍና ኳሷን እንዲያያዙ የሚያደርገው እሱ ነው። መልኩ ስለተመሳሰለ ሥራውም ይመሳሰላል ማለት አይደለም።

አሁን ወደዚያ ልጅ ጥያቄ ልመለስ። ክፍተት ካለስ?

ክፍተት ካለ ምቱ ይበላሻል። ኳሶቹ እርስ በርስ ካልተነካኩ ኃይሉ ከአንዷ ወደ ሌላዋ በሚገባ አይተላለፍም፤ አቅጣጫውም ይዛባል። የዓለም ሻምፒዮን እንኳን ቢሆን በላላ ድርድር ላይ ጥሩ ብሬክ አይመታም። ለዚህ ነው በትልልቅ ውድድሮች ኳስ መደርደር እንደ ቀላል ነገር የማይታየው። ተጫዋቾች እርስ በርስ ሲደረድሩ "ሆን ብለህ አላላህብኝ" የሚል ጭቅጭቅ ብዙ ነበር። አሁን በብዙ ቦታ የሚደረድረው ዳኛ ነው፤ ስስ ፕላስቲክ ከስር አንጥፈው ኳሶቹ ቦታ ቦታቸውን ይዘው እንዲነካኩ ያደርጋሉ። የመቺው ብቃት ከመመዘኑ በፊት የተደረደረለት ነገር መስተካከል አለበት ማለት ነው።

እስቲ ይህንን ወደ ትምህርታችን አምጡት። የ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ፈተና ላይ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015፣ 3.2 በመቶ። በ2016፣ 5.4 በመቶ። ያኔ ሁላችንም ምን አልን? "ተማሪው ሰነፈ።" መቺውን ወቀስን። ማን እንደደረደረለት ግን አልጠየቅንም። 1ኛ ክፍል ላይ ማንበብ ሳይለምድ 2ኛ ገባ፤ ያ አንድ ክፍተት ነው። መጽሐፍ ለአምስት ልጅ አንድ ደረሰ፤ ያ ሌላ ክፍተት ነው። ክልላችን ውስጥ በሰላም እጦት ትምህርት ቤት የተዘጋበት ጊዜ አለ፤ ያ ደግሞ ክፍተት ብቻ ሳይሆን ገደል ነው። ከዚያ 12ኛ ክፍል ላይ አምጥተን "በል ምታ" አልነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ።

ከደርዳሪዎቹ አንዱ እኔ ነኝ። ይህን የምጽፈው ሌላ ሰው ለመውቀስ አይደለም።

አሁን ደግሞ ከሁሉ በላይ ወዳሳሰበኝ ነገር ልለፍ፤ ብሬኩን ማን ይመታል የሚለው ነገር።

በሙያ ውድድር ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ሁለቱም ተጫዋቾች አንድ አንድ ኳስ ወደ ፊት ጠርዝ መትተው ይመልሳሉ። ወደ መነሻው ጠርዝ ይበልጥ ያስጠጋ የመጀመሪያውን ብሬክ የማን እንደሆነ ይወስናል። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓይነት አሠራር አለ። በአንዱ ያሸነፈ ብሬኩን ይመታል። በሌላው ተራ በተራ ነው፤ አሸነፍክም ተሸነፍክም ተራህ ሲደርስ ትመታለህ። ሁለቱም ደጋፊ አላቸው። ያሸነፈ ሲመታ ተመልካች ይደሰታል፤ አንዱ ሰባት ስምንት ዙር በተከታታይ ሊወስድ ይችላል። ተራ በተራ ሲሆን ግን ሁለቱም ዕድል ያገኛሉ።

የእኛ ፑል ቤት ሕግ ምንድነው? ያሸነፈ ይቀጥላል፣ የተሸነፈ ይከፍላል። ልብ በሉ እንግዲህ። ጎበዙ ልጅ በነፃ እየተጫወተ፣ ብሬክ እየመታ፣ ይበልጥ እየጎበዘ ይሄዳል። ደካማው ከፍሎ አንድ ሁለት ምት መትቶ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ወር ሙሉ ቢመላለስ ብሬክ የመታበት ቁጥር በጣት ይቆጠራል። ከዚያ "እሱ እኮ ብሬክ አይችልም" ይባላል። በምን ተለማምዶ ይቻል?

ይህን እያሰብኩ ሳለ ነው ራሴን ያገኘሁት። እኔ ክፍል ውስጥ ማንን ነው የምጠይቀው? እጁን ያወጣውን። እጁን የሚያወጣው ማነው? የፊት ወንበር ያሉት አምስት ስድስት ልጆች። ሰሌዳ ላይ ወጥተው የሚሠሩት እነሱ፣ የሚጨበጨብላቸው እነሱ፣ ስማቸውን በመጀመሪያው ሳምንት የማውቀው እነሱ። ከስልሳ ልጅ ሃምሳው ዓመቱን ሙሉ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሌላ ሰው ብሬክ ያያል። ያሸነፈ ይቀጥላል፣ የተሸነፈ ይከፍላል። የፑል ቤቱን ሕግ የክፍሌ ሕግ አድርጌው ኖሬያለሁ፣ ሳላውቀው።

ያ ልጅ ሁለት ዓመት ሙሉ እጁን ያላወጣው ስለማያውቅ አልነበረም። ያንን ጥያቄ የጠየቀ ልጅ እንዴት አያውቅም ይባላል? ተራው ደርሶት አያውቅም ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። የፑል አዘጋጆች ብሬክ ጨዋታውን እያዛባ ሲመጣ ጠረጴዛውን አላቃጠሉም፣ ሕጉን ነው የቀየሩት። ድሮ ጠረጴዛው ላይ ያለችው ነጥብ ላይ የምትቀመጠው 1 ቁጥር ነበረች። በዚያ አደራደር የዳሯ ኳስ በቀላሉ ወደ ማዕዘን ቀዳዳ ትገባ ነበር፤ ያንን ያጠና ሰው ያለ ብዙ ድካም ያሸንፋል። አንዳንድ ትልልቅ ውድድሮች 9 ቁጥርን ነጥቡ ላይ አስቀመጡ፤ ድርድሩ በሙሉ ወደ መቺው ቀረብ አለ፣ ያቺ የዳር ኳስም ቀዳዳውን ትታ ጠርዙን መምታት ጀመረች። ነጯንም ከፈለጉበት ጎን ሳይሆን ከመሀል ከተሰመረ ሳጥን ውስጥ ምቱ አሉ። ለስላሳ ብሬክ ሲበዛ ደግሞ ቢያንስ ሦስት ኳሶች ወይ ቀዳዳ መግባት ወይ የነጯን መነሻ መስመር ማለፍ አለባቸው የሚል ሕግ አወጡ። ችግር ሲመጣ ሕግ፣ ሌላ ችግር ሲመጣ ሌላ ሕግ። በዚህ ሁሉ ጨዋታው እየሞተ ሳይሆን እያደገ ነው የሄደው። እ.ኤ.አ. በ2024 ጅዳ ላይ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና አጠቃላይ ሽልማቱ 1 ሚሊዮን ዶላር፣ የአሸናፊው ድርሻ 250 ሺህ ዶላር ነበር። ጅዳ ማለት እኛ ልጆቻችንን በበረሃና በባሕር ለጉልበት ሥራ የምንሸኝባት አገር ውስጥ ያለች ከተማ ናት።

"ታዲያ ልጆቻችን ፑል ተጫዋች ይሁኑ ነው የምትለን?" የምትሉ ትኖራላችሁ። አይደለም። ፊሊፒናዊው ኤፍረን ሬይስ በአጎቱ ፑል ቤት ጠረጴዛ ላይ እየተኛ አድጎ እ.ኤ.አ. በ1999 የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል፤ እንደ እሱ የሚሆነው ግን ከስንት አንድ ነው። ጎረቤት ኡጋንዳ የፑል ማኅበር አላት፣ ውድድር ታካሂዳለች፤ እዚያም ቢሆን በፑል እንጀራ የሚበላው ጥቂት ነው። እኔ የምለው ሌላ ነው። ልጁ በራሱ ፈቃድ፣ ማንም ሳያስገድደው፣ ሰዓታት የሚያጠፋበትን ነገር መዝጋት ብቻ መፍትሔ አይሆንም። ሥርዓት ልናበጅለት እንችላለን።

ጨዋታን በሥርዓት መያዝ ደግሞ ለእኛ ለአዊ ሰዎች አዲስ ነገር አይደለም። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም ጀምሮ አለ። በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ የምናየው ያ ሁሉ ፈረስ፣ ያ ሁሉ ሽልማት፣ ያ ሁሉ ድምቀት በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። አባቶቻችን ፈረስ መጋለብን "ጎረምሳ የሚፈነጭበት ነው" ብለው አልከለከሉም። ደንብ አወጡለት፣ አለቃ ሾሙለት፣ ቀን ቆረጡለት። ፈረሱ ሰውን ሊረግጥ የሚችል እንስሳ ነው እኮ! ከፑል ጠረጴዛ የበለጠ አደጋ አለው። ሥርዓት ስላለው ግን ዛሬ መኩሪያችን ሆነ።

ስለዚህ የኔ ሐሳብ ይኸውላችሁ።

ትምህርት ቤት አጥር ስር ያለ ፑል ቤት ይራቅ፤ በዚህ ከማንም ጋር አልከራከርም። በትምህርት ሰዓት ዩኒፎርም የለበሰ ልጅ ያጫወተ ባለቤት ይቀጣ። በገንዘብ ማስያዝ ይቅር። ጫትና ሺሻ ያለበት ቤት ፑል ቤት ሳይሆን ሌላ ነገር ነውና ለብቻው ይታይ። ከዚህ ውጪ ያለው ግን ከትምህርት ሰዓት በኋላና ቅዳሜ ክፍት ይሁን። የስፖርት ጽሕፈት ቤቶች በዓመት አንድ ጊዜ የእንጅባራና የዳንግላ ልጆች የሚገናኙበት ውድድር ቢያዘጋጁ ብዙ ወጪ የለውም፤ ሁለት ጠረጴዛና አንድ አዳራሽ ይበቃል። መንገዱም 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለመሳተፍ የክፍል መገኘት ይጠየቅ፤ ከክፍል የቀረ አይጫወትም። ብሬኩም ተራ በተራ ይሁን።

ይህ ሐሳብ ድክመት የለውም አልልም። አንድ የማከብራቸው ታላቅ ባልደረባዬ ረቂቁን አንብበው "ልጄ፣ አንተ የፑሉን ኳስ ነው ያየኸው፤ እኔ ያየሁት የእናትየዋን እንባ ነው" አሉኝ። ልጃቸው ለምዝገባ የተሰጠውን ብር ፑል ላይ ጨርሶባቸው ትምህርት ቤት ድረስ መጥተው ያለቀሱ እናት ነበሩ፤ እኔም አስታውሳቸዋለሁ። ለእሳቸው የምመልሰው መልስ የለኝም። "ደንብ ይውጣ" ብሎ መጻፍ ለእኔ ቀላል ነው፣ የልጃቸውን ብር ግን አይመልስላቸውም። ይሁንና ያ ልጅ የተበላው በፑሉ አይመስለኝም፤ የተበላው የተሸነፈ ይከፍላል በሚለው ሕግ ነው። ዛሬ ደግሞ ፑል ቤቱን ብትዘጋው የኳስ ቁማር በየስልኩ ገብቷል፤ እሱን በምን ታሽገዋለህ? የሚሻለው ልጁን ዕድል ምን እንደሆነ፣ ብቃት ምን እንደሆነ ለይቶ እንዲያውቅ ማስተማር ነው። ለዚህ ደግሞ ከብሬክ የተሻለ ማስተማሪያ አላየሁም። አንድ ጊዜ ብትመታ ዕድል ሊሆን ይችላል። መቶ ጊዜ መትተህ ብትመዘግበው ግን ዕድሉ ይገለጣል፤ የቀረው ያንተ ነው።

ይህንን በተግባር ሞክሬዋለሁ። በዚህ ሴሚስተር ለ9ኛ ክፍል ተማሪዎቼ የሰጠኋት ትንሽ ሥራ ነበረች። አምስት ብይ ደርድረው በስድስተኛዋ ብይ ሃያ ጊዜ እንዲመቱ፣ አንዴ ተነካክተው፣ አንዴ ክፍተት ትተው፣ ውጤቱን በሠንጠረዥ እንዲጽፉ። ብይ አንድ ብር ሁለት ብር ነው፣ ላብራቶሪ አያስፈልገውም። ጠረጴዛው ጠማማ ስለሆነ መሬት ላይ ነው የሠሩት፣ ዝናቡ ስላላስወጣን ኮሪደር ላይ። ጫጫታው ርዕሰ መምህሩን አስመጥቶ ነበር። ገብቶ ዝም ብሎ አየና አንድ ብይ ተቀብሎ ሞከረ። ሳተ። ልጆቹ ሳቁ፣ እሱም ሳቀ።

ስም በስም እየጠራሁ በዝርዝሩ ቅደም ተከተል ነበር ያስመታሁት። እጅ ያወጣ፣ ያላወጣ የለም። አንዲት ልጅ አለች፣ ከመስከረም ጀምሮ ድምፅዋን ሰምቼው አላውቅም። ተራዋ ሲደርስ "ይለፈኝ ቲቸር" አለችኝ። "አያልፍሽም፣ ተራሽ ነው" አልኳት። መታች። ሠንጠረዧን ያየሁት ቅዳሜ ደብተር ሳርም ነው፤ ከስልሳው ሁሉ በንጽሕና የጻፈችው እሷ ናት። ከስር በእርሳስ "ክፍተቱ በአንድ በኩል ብቻ ቢሆንስ?" የሚል ጥያቄ አስፍራለች።

ያንን ሳነብ ከሰል የሚጭነው ልጅ ትዝ አለኝ። እሱን በጊዜው ስም ጠርቼ ተራህ ነው ብለው ኖሮ ምን ይሆን ነበር? አላውቅም። ለእሱ አልደረስኩለትም። ለዚህች ግን ገና ጊዜ አለ።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? በተለይ ወላጆች፣ የፑል ቤት ባለቤቶች፣ የስፖርት ጽሕፈት ቤት ሰዎች ካላችሁ ኮሜንት ላይ ሐሳባችሁን ጻፉልኝ። ስድብ አልሰርዝም፣ ምክር ግን ይሻለኛል። መምህራን ወዳጆቼ ደግሞ ነገ ክፍል ስትገቡ አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ፤ የስም ዝርዝራችሁን ከመጨረሻው ጀምሩት።

ሰላም እደሩ።